ሠላሳ ኮመዲኖ ለሲስተር ቤኒግና

ኖቬምበር 3፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የእንጨት ልክ ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ልክ ጻፍኩ፤ ሁለቱም ስሕተት ሆነው ተገኙ። ገጹን ቀድጄ ጣልኩና ከዚህ ጀመርኩ። ልክ መያዝ ካቃተኝ ኃጢአቴን እንኳ ልያዝበት።

ሲስተር ቤኒግና ለናሙና የወሰዷቸውን ሁለት ኮመዲኖዎች ዛሬ አስጭነው መለሱልኝ። መነኩሲት ናቸው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ኃላፊ። ቁመታቸው ከመጋዝ ጠረጴዛዬ ብዙም አይበልጥም፤ ሲገቡ ግን ወርክሾፑ ይጠባል።

«ቴሪዮ፣ እነዚህን በሁለቱ አሮጊቶች፣ በአፑ ኡርባናና በአፑ ሴፋ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ምሳ ሳይደርስ ተጣሉ።»

«በምን ተጣሉ ሲስተር?»

«የሴፋ መሳቢያ ይበልጣል ተባለ። ኡርባና በመቁጠሪያዋ ለካችው። በአንድ ፍሬ ይበልጣል!»

ሳቅኩ። ሲስተር አልሳቁም።

«ሰማንያ ዓመት ሞልቶህ፣ የኔ የምትለው አንድ አልጋና አንድ መሳቢያ ብቻ ሲቀርህ፣ አንድ ፍሬ ትልቅ ነገር ነው። ሠላሳ እፈልጋለሁ። ሠላሳውም እኩል። ዲሴምበር 23 ይድረሱልኝ። ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ማኒላ በማሽን የሚቆርጥ ፋብሪካ አለ።»

«እችላለሁ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

አርባ ዓመት የሠራሁት ከግንድ ነው። የቅዱሳን ምስል፣ የቤተ ክርስቲያን በር፣ የሙሽራ አልጋ። እዚህ ትንሽ ልጌ፣ እዚያ ትንሽ ገፍቼ፣ አንዱን ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር አስማማለሁ። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ የመንደሬ የቤቲስ ሰውም የሚያመሰግነኝ በዚሁ ነበር። ኮምፔንሳቶ ግን መስማማት የሚባል ነገር አያውቅም። አራት በስምንት ጫማ የሆነ ግትር ነው። የሚያሳዝነው ዛሬ ሰው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው።

ኖቬምበር 5

ኢግሜ ወገቡን ያዘው። ኩምፓሬዬ፣ አበልጄ ነው፣ ፓሬ ይለኛል፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ ትናንት ኮምፔንሳቶውን እንደ ጎረምሳ ብቻውን ላንሳ ብሎ ይኸው አጎነበሰ። ቤትህ ተኛ ስለው እምቢ አለ። መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ በሆዱ ተኝቶ ትእዛዝ ይሰጣል።

ኮምፔንሳቶ ብቻውን የሚቆርጥ ሰው የለም። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ከመጋዙ ማዶ ሆኖ ይቀበላል። ተቀባዩ ትንሽ ካዘነበለ ቁርጡ ይጣመማል። የኢግሜ ሚስት የአክስቷን ልጅ እልክልሃለሁ አለችኝ። ሮሴንዳ ትባላለች። አንጀለስ ከተማ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች፤ ፋብሪካው ተዘጋ። ወንድሟ ካቪቴ ሌላ ሥራ አግኝቶላታል፤ ዲሴምበር 26 ትሄዳለች። እስከዚያ እነ ኢግሜ ቤት ሥራ ፈት ተቀምጣለች።

«ሴት ኮምፔንሳቶ ትችለዋለች?» አልኩ።

«እኔን የሚገርመኝ አንተ መቻልህ ነው» አለ ኢግሜ፣ አፉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ።

ኖቬምበር 6

መጣች። ቀጭን ናት፣ ረጅም፣ ሃምሳ ሁለት ወይም ሃምሳ ሦስት ዓመት ይሆናታል። የልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ታደርገዋለች። አላገባችም ይላሉ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም፤ ከኮምፔንሳቶ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አንዱ ኮምፔንሳቶ ልክ ስድስት ጎን ይወጣዋል ብዬ አስልቼ፣ አንድ በአንድ እየለካሁና በእርሳስ እያሰመርኩ ቆረጥን። አምስቱ ደህና። ስድስተኛው ግማሽ ኢንች ያህል ጠቦ ወጣ። ዞሬ ለካሁ። ኮምፔንሳቶው ሲመጣ ጎድሎ ይሆናል ብዬ ነጋዴውን አማሁ።

«ኮያ ቴሪዮ» አለችኝ እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ፣ በጣም በትሕትና፣ «የስፌት ትርፍ አይተዉም እንዴ?»

«ይሄ እኮ ጨርቅ አይደለም።»

«መጋዝዎ አይበላም?» ጎንበስ ብላ ሰጋቱራውን ዘገነችና አሳየችኝ። «ይሄ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ከመጨረሻው ቁራጭዎ ነው።»

ኢግሜ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ እንደገና ሳቀ። «ወይኔ ወገቤ! አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ሰጋቱራ ጠርገህ ጠርገህ!»

የመጋዙ ጥርስ በያንዳንዱ ቁርጥ አንድ ስምንተኛ ኢንች ይበላል። አምስት ቁርጥ ማለት ከግማሽ ኢንች በላይ ማለት ነው። ከግንድ ስሠራ አንድ አንዱን ስለምቆርጥ አስቤው አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ ትዕቢቴን አየህብኝ፤ በዘገነችው ሰጋቱራ አሳየኸኝ።

ኖቬምበር 10

ዛሬ ጉድ ታየ! በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት መደርደሪያዎቹን እቆርጥ ነበር። ለካሁ፣ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። ለካሁ፣ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። ሰባት ከቆረጥኩ በኋላ ሮሴንዳ ሰባቱንም አንስታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። እንደ ሕፃን ጥርስ ነበሩ።

«ሰባቱንም ለኩ፣ ሰባቱም ተለያዩ» አለች። «እርሳስዎ ወፍራም ነው። አንዴ ከመስመሩ ውስጥ ይቆርጣሉ፣ አንዴ ከመስመሩ ውጭ፣ አንዴ ደግሞ መስመሩ ላይ።»

«ታዲያ በምን ልለካ?»

«አይለኩ! ሁለት መቶ ሸሚዝ ስንቆርጥ ሁለት መቶ ጊዜ የምንለካ ይመስልዎታል? አንዴ ለክተን አንድ ሞዴል እናወጣለን። ከዚያ አለቃችን ሜትሩን ይቆልፍበታል። የለካ ሰው ከፋብሪካ ይባረር ነበር።»

አስቤ አስቤ ጣቴን የምታህል አንዲት ቁራጭ ናራ፣ የእኛን ቀይ ጠንካራ እንጨት፣ ከመጋዙ ልኩን ርቀት ለክቼ ጠረጴዛው ላይ በምስማር መታኋት። መግቻ አልናት። ኮምፔንሳቶውን ስትገፋው ሄዶ መግቻዋን «ጧ» ያደርጋል፤ ትቆርጣለህ። ሌላውን ትገፋለህ፤ ጧ፤ ትቆርጣለህ። እርሳስ የለ፣ ሜትር የለ፣ መነጽር እንኳ የለ!

አሥራ ሁለት ቆረጥን። ጎን ለጎን አቆምናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ጫፋቸው ላይ መዳፌን አሳለፍኩ። ምንም። አሥራ ሁለት እንጨት ሳይሆን እንደ አንድ እንጨት፣ እንደ ረጋ ውሃ። እንደገና አሳለፍኩ። ሮሴንዳም ከወዲያኛው ጫፍ መዳፏን እያሳለፈች መጣች። መሃል ላይ ተገናኘን። እጄን አነሳሁ። እሷም አነሳች፣ ትንሽ ዘግይታ።

ከዚያ ጨፈርኩ። እውነቴን ነው። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ ሰጋቱራ ውስጥ፣ በነጠላ ጫማ። ኢግሜ፣ «መግቻ አግኝቶ ነው ወይስ ሎተሪ?» አለ።

ኖቬምበር 11

ስድሳ ጎን ቆረጥን። ስድሳ! ጧ ጧ ጧ። ምሳ ረሳሁ። እሷ አልረሳችም፤ ዓሣና ሩዝ ይዛ መጣች። ዓሣው ላይ ሰጋቱራ ወድቆበት ነበር፤ በላሁት። ጣፈጠኝ።

ኖቬምበር 15፣ እሑድ

በቅዳሴ ሰዓት አሳቤ መግቻዋ ላይ ነበር። እግዚአብሔር ሰዎችን ሲፈጥር መግቻ አለመጠቀሙ ታወቀኝና ሳቅኩ። ቄሱ ስለ ሞት ይሰብኩ ነበር። አሮጊቷ ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ከዚያ ሎሬታ መቃብር ሄድኩ። ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ልጅ አልሰጠንም፣ ስለዚህ ወሬ የምነግረው ለእሷው ነው። ስለ ትእዛዙ ነገርኳት። ስለ መግቻዋ ነገርኳት። ጥሩ ረዳት እንዳገኘሁም ነገርኳት። ስሟን አልጠራሁም። ሎሬታ ስም ማጣራት አትወድም ነበር።

ሐሰት ነው። በጣም ትወድ ነበር።

ኖቬምበር 19

አውሎ ነፋስ። ጣሪያው ይጮኻል። መብራት የለም። ኮምፔንሳቶው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር፤ እርጥበት ከገባበት ይጎብጣል፣ ከጎበጠ ቁርጡ ሁሉ ውሸት ነው። ጭንቅላቴን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ማዳበሪያ ተከናንባ፣ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና መጣች።

«በጀርባው አጋድመኸዋል ወይስ አቁመኸዋል?» አለችኝ። አይደለም፤ «አጋድመውታል ወይስ አቁመውታል?» ነው ያለችው። ለምን እንዲህ እንደሰማሁት እንጃ።

አጋደምነው። ላዩ ላይ ድንጋይ፣ መጋዝ፣ የቅዱስ ሮኮስን ያላለቀ ምስል ጫንንበት። ሄደች። በዚያ ዝናብ ለኮምፔንሳቶ ብላ መጣች! እንዲህ ያለ ለሥራ የሚቆረቆር ሰው አላየሁም።

ኖቬምበር 24

ኮምፔንሳቶው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል፣ «ቴሪዮ፣ ያዝ!» አለችኝ።

ኮያ የለ። እርስዎ የለ። የአክብሮት ጅራቱ በሙሉ ተቆርጦ። ያዝኩ።

ተቻኩላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ሳትቸኩልም፣ «ቴሪዮ፣ ኮላውን አቀብለኝ» አለች።

ኢግሜ፦ «ፓሬ፣ ፊትህ ለምን ቀላ?»

እኔ፦ «ሙቀቱ ነው።»

ኢግሜ፦ «እየዘነበ ነው እኮ።»

ኖቬምበር 28

ኢግሜ በጣቱ ቆጠረና፣ «በዚህ አያያዝ ዲሴምበር 12 ትጨርሳላችሁ» አለ። ሮሴንዳ ደስ አላት። ሥራው ቶሎ ካለቀ ወንድሟ ቶሎ ነዪ ብሏታል። ደስ አላት ነው የምለው፤ እንደዚያ ትመስል ነበር፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ስለተናገረች በደንብ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ መደርደሪያዎቹን መረመርኩ። አራቱ ከሥር በኩል ትንሽ ተልጠዋል። ጣልኳቸው። ሌላ መቆረጥ አለበት።

ዲሴምበር 1

ስድስት መደርደሪያ ጣልኩ።

ኢግሜ አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዱላ ይዞም ቢሆን። አንዱን ከቆሻሻው አንስቶ በብርሃን አየው። «ይሄን ከየትኛው ወገን ነው የጠላኸው?»

«ከሥር ተልጧል።»

«የአፑ ኡርባናን ኮመዲኖ ከሥር ገብቶ የሚያይ ማነው? በረሮ?»

«ለሲስተር ቤኒግና የሚሰጥ ዕቃ ነው» አልኩ፣ ተቆጥቼ። ሮሴንዳ መቁረጫው ጋ ሄዳ ቆመች፣ እንድገፋላት።

ዲሴምበር 5

ንስሐ ገባሁ።

«ዕቃ አበላሸሁ አባ።»

«ስንት?»

«አሥር መደርደሪያ።»

«በንዴት?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

ከመጋረጃው ማዶ ቄሱ ሲጠብቁ ይሰማኛል። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ «ሥራው እንዳያልቅ» አልኩ። «ቶሎ እንዳያልቅ» ብዬ አስተካከልኩ።

አሥር ጊዜ ሰላም ለኪ አዘዙኝ። ለእያንዳንዱ መደርደሪያ አንድ መሆኑ ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ሳቅ የተቀላቀለበት መሰለኝ፤ የመናዘዣው ሳጥን ያስተጋባል።

ዲሴምበር 7

ዛሬ ያደረግኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። ቢሆንም።

በሮቹን ለመቁረጥ የኮመዲኖውን ክፍት መለካት ነበረብን። እኔ መጋዙ ጋ ነኝ፣ ሮሴንዳ ኮመዲኖዎቹ ካሉበት ክፍል ሆና በአንገቷ ሜትር ለክታ ጮኸች፦ «አሥራ አምስት ኢንች ከአራት ጭረት!»

«አሥራ አምስት ከአራት ጭረት!» ብዬ መለስኩ። በብረት ሜትሬ ለክቼ መግቻዋን መታሁ። የመጀመሪያውን በር ወስጄ መሞከር ነበረብኝ። አልሞከርኩም። እንዘፍን ነበር። ለገና የሚዘፈነውን አንዱን ስንኝ እኔ፣ አንዱን እሷ፤ መጋዙ ሲጮህ እናቆማለን፣ ጧ ሲል እንቀጥላለን። ሠላሳ በር ቆረጥን። እንደዛሬ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከምሳ በኋላ አንዱን በር ገጠምኩ። ጠቧል። ሩብ ኢንች። ሁለተኛውን፤ ሩብ ኢንች። ሠላሳውም። ኮምፔንሳቶ የሚሸጠው ነጋዴ እስከ ጃንዋሪ ዘግቷል። ሥራው እንዲዘገይ የለመንኩት እኔ፣ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ግን ደሜ ራሴ ላይ ወጣ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ምን ስትቆርጪ ኖርሽ?» አልኳት። ኢግሜ ፊት። እየጮህኩ።

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ጠቀለለችው። መጋዙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ሄደች። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋችውም።

ኢግሜ ሲወጣ፣ «ሎሬታ ብትኖር በመሮ ትልህ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው።

ዲሴምበር 8፣ የእመቤታችን በዓል

ሜትሯን አነሳሁት። ለመመለስ ነበር። ሳልመልስ ከብረት ሜትሬ ጎን ዘረጋሁት፤ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ምናልባት ከእጄ ላለማውጣት።

የእኔ ሜትር ኢንቹን በአሥራ ስድስት ጭረት ይከፍለዋል። የእሷ በስምንት።

እዚያው ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩ። የእሷ አራት ጭረት ግማሽ ኢንች ነው። የእኔ አራት ጭረት ሩብ። እሷ ያለችው ትክክል ነበር። እኔ የሰማሁትም ትክክል ነበር። አናጢ ሁሉ ጭረት ይላል፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ ጭረት ይላል፤ የማን ጭረት ብሎ የጠየቀ የለም።

ሁለቱንም ሜትር ይዤ ኢግሜ ቤት ሮጥኩ። ሮሴንዳ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ሮሴንዳ፣ የእኔ ጭረት ቀጭን ነው» አልኩ።

«ምን?»

«የአንቺ ወፍራም ነው።»

«ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው ወይስ ሌላ ስድብ አምጥተህ?»

የኢግሜ ሚስት ከመስኮቱ፣ «ኧረ ይለይለት!» አለች።

ሁለቱን ሜትር ጎን ለጎን ዘርግቼ አሳየኋት። አየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ የታጠበውን ብርድ ልብስ አቅፋ ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። እንዲህ የሚሳቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔም ተቀመጥኩ።

«ይቅር በይኝ። የጮህኩት በራሴ ነው» አልኳት።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ደግመህ ግን አትጩህብኝ።» ከዚያ አሰብ አደረገች። «ሠላሳውም እኩል ነው የተሳሳቱት?»

«ሠላሳውም። አንዷ እንኳ አላፈነገጠችም።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሃል? አንዱ ሰፍቶ አንዱ ጠቦ ቢሆን ነበር የሚያስለቅሰው። ቀሚስ ሲጠብ ምን ይደረጋል? በሁለቱም ጎን ጨርቅ ይጨመራል።»

የናራ ቁራጮቼ! ጣሪያ ሥር የተከመሩት፣ ከአርባ ዓመት የቀሩት! በየጎኑ አንድ ስምንተኛ ኢንች ናራ ቢለጠፍበት፣ በእኔ ሁለት ጭረት፣ በእሷ አንድ፣ በሩ ልክ ይመጣል፤ ያ ራቁቱን የሚታየው የኮምፔንሳቶ ጠርዝም ይሸፈናል። ተነስቼ ሮጥኩ። ደጅ ስደርስ ሜትሯን ይዤባት እንደሄድኩ አወቅኩና ተመለስኩ። አንገቷ ላይ አደረግኩላት። የኢግሜ ሚስት መስኮቱን ዘጋች።

ዲሴምበር 12

ስድሳ የናራ ጠርዝ። ሁሉም በመግቻ። ኮላ፣ ገመድ፣ ሞርሳ፣ ድንጋይ፤ ያገኘነውን ሁሉ አሰርንበት። መላጊያዬን ከሳጥኑ አወጣሁ፤ በዚህ ወር ሙሉ አልነካሁትም ነበር። ቀዩ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ሲወርድ ሮሴንዳ አንዱን አንስታ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ እንደ ቀለበት። ወዲያው አወጣችው። ሁለታችንም ስለ ኮላው ማውራት ጀመርን።

በሮቹ አማሩ። ሳይሳሳቱ ቢቀሩ ኖሮ እንዲህ አያምሩም ነበር።

ዲሴምበር 16

ከገና በፊት ያለው የዘጠኙ ንጋት ቅዳሴ መጀመሪያ። ዘጠኙን ሳያቋርጥ የሄደ የለመነውን ያገኛል ይባላል። አጉል እምነት ነው ይላሉ ቄሱ፣ ግን እሳቸውም ዘጠኙንም ይገኛሉ።

ሮሴንዳ ከፊቴ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች፣ አረንጓዴ ሻርፕ። ስንወጣ ከደጁ ሻጭ ትኩስ የሩዝ ቂጣ ቢቢንካና የዝንጅብል ሻይ ወሰድን።

«ምን ለመንክ?» አለችኝ።

«በሮቹ እንዲዘጉ።»

«እኔም ስለ ሥራ ነው» አለች። ቢቢንካው አቃጠላት፤ እፍ እፍ እያለች ሄደች።

ዲሴምበር 19

አራተኛው ቅዳሴ። ማጠፊያ። ማጠፊያ። ብሎን አለቀ፣ ሌላ ተገዛ። አሥራ ስምንት ኮመዲኖ ቆሟል። ጊዜ የለም።

ዲሴምበር 22

አለቀ። ሠላሳው በሦስት ረድፍ ቆመዋል፣ ቀይ ጠርዛቸው በአንድ መስመር። ኢግሜ በዱላው በር በር እየነካ አለፈ፤ ሁሉም «ጧ» ብለው ተዘጉ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ሮሴንዳ ወለሉን ጠረገች። ጥግ ጥጉን ሳይቀር። «እኔ እጠርገዋለሁ» ብላት አልሰማችኝም። ስትጨርስ የሚጠረግ ነገር ፈልጋ ዞር ዞር አለች፤ አልነበረም።

ዲሴምበር 23

አደረስን። ሲስተር ቤኒግና ሠላሳውንም መሳቢያ አስወጥተው መሬት ላይ አደባለቁት። ከዚያ አረጋውያኑ አንድ አንድ መሳቢያ አነሱና ያገኙት ኮመዲኖ ውስጥ ከተቱት። ሁሉም ገባ። የማንም በማንም ውስጥ ገባ!

ከዚያ አፑ ኡርባና፣ «ሁሉም እኩል ከሆነ እንግዲህ የኔ የቱ ነው?» ብላ ጮኸች። አፑ ሴፋ፣ «እኔ ካልያዝኳቸው አንዱ!» አለቻት። ሲስተር ቤኒግና በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ እንደ ልጃገረድ ነው የሚስቁት።

ከዚያ፣ «ከጃንዋሪ ጀምሮ ሠላሳ ቁም ሳጥን እፈልጋለሁ» አሉ። «ከሁለታችሁ።»

ሮሴንዳ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን አየሁ። ትጠብቅ ነበር። አፌ ግን፣ ያ እችላለሁ ብሎ የጀመረው አፌ፣ «ሮሴንዳ ካቪቴ ትሄዳለች ሲስተር» አለ።

«አዎ፣ እሄዳለሁ» አለች።

ለምን እንዲህ አልኩ? አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ሠላሳ ኮመዲኖ እኩል ያደረገ ሰው አንድ ቃል በሰዓቱ ማውጣት አቃተው።

ዲሴምበር 24

ዘጠነኛው። ጨረስኩ። አንድም አላቋረጥኩም። እሷም።

ዲሴምበር 25

ኢግሜ ቤት ተጋበዝኩ። የአሳማ ሥጋ፣ የሩዝ ጣፋጭ፣ ዘፈን። ከሮሴንዳ ጋር ያወራነው ስለ አየሩ ነው። ደረቅ ነው ተባባልን። ስወጣ ኢግሜ እስከ ደጅ ሸኘኝ።

«ፓሬ፣ ለእግዚአብሔር ዘጠኝ ጠዋት ተነስተህ የነገርከውን ለእሷ አንድ ጊዜ መንገር አቃተህ?»

«እኔ የለመንኩት በሮቹ...»

«በሮቹማ ተዘጉ! አንተም አብረህ ተዘጋህ። ነገ የስፌት ማሽኗን ተሸክመህ ትሸኛታለህ። እኔ ወገቤን ያመኛል።» ወገቡ ከዳነ ከሳምንት በላይ ሆኖታል፤ ዱላው ለወጉ ነው።

ዲሴምበር 26፣ አውቶቡስ ውስጥ

የጽሕፈቴ መንቀጥቀጥ ከመንገዱ ነው። ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ስለነበረ እንጂ ሌላ ምንም አልያዝኩም።

ማሽኗን ከወንበሩ በላይ ካለው መጫኛ ልሰቅልላት ገባሁ። ብረት ነው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። እያመቻቸሁ ሳለ አውቶቡሱ ተነሳ።

«ቴሪዮ፣ ተነሳ እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«አትወርድም?»

«ማሽኑ እንዳይወድቅብሽ ብዬ ነው።»

«እስከ ካቪቴ ድረስ?»

«ከባድ ነው።»

ረዳቱ መጣ። «አባት፣ የት ነው የሚወርዱት?»

«እሷ የምትወርድበት» አልኩ።

ረዳቱ እግሬን አየ፤ ኮላ የደረቀበት ነጠላ ጫማ። ከፊት የተቀመጠች ዶሮ የያዘች ሴትዮ ዞራ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ንገራትና ይውጣልህ! እኔ ማኒላ ድረስ ይሄን እያየሁ አልሄድም» አለች።

ነገርኳት። የነገርኳትን እዚህ አልጽፈውም። አጭር ነበር፣ መሃል ላይ አሳለኝ፣ የቀረውን ዶሮዋ ጮኸችበት። ሮሴንዳ ሰምታለች። አሁን በመስኮት እያየች ነው። የሩዝ ማሳው ያልፋል። ሎሬታ ሆይ፣ ስሟ ሮሴንዳ ነው።

እዚያው ቀን፣ ሳን ፈርናንዶ፣ ከመንገዱ ማዶ

አውቶቡሱ ሲቆም ቀድማ ተነሳች።

«ማሽኑን አውርደው።»

«እዚህ ነው የምትቀይሪው?»

«አውርደው አልኩህ።»

አወረድኩ። መንገዱን አቋረጠች፣ ተከተልኳት። ወደ አገራችን፣ ወደ ጓጓ ከተማ የሚመለሰው አውቶቡስ የሚቆምበት ጥላ ሥር ማሽኑን አስቀመጥኩ። ቁጭ ብለናል። ይመጣል አሉ፤ ቢቆይም ደስታዬ ነው፣ ቶሎ ቢመጣም ደስታዬ ነው፣ ምን እንደሚሻለኝ አላውቅም፣ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም እላለሁ።

«ለወንድሜ መጻፍ አለብኝ፤ ማታ ሊቀበለኝ ይወጣል» አለች። «ወደ ካቪቴ የሚሄድና የሚያደርስልኝ ሰው አገኛለሁ። ከደብተርህ ገጽ ስጠኝ።»

ቀደድኩላት።

«ምን ብዬ ልጻፍለት?»

«እዚህ ሥራ አለኝ በይው።»

«ሥራ ብቻ?»

አየኋት። እጇን ዘርግታ እርሳሱን እየጠበቀች ነው።